ከእታለም ጋር ከመጋረጃው ፊት

ባለፈው ሳምንት ካርቲየ ሰባት በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ፀጉሬን ልስተካከል ገባሁ። ፀጉር ቆራጩ የመናዊ ሽማግሌ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ትንሽ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሮ ይጨምቅና ሎሚ ሎሚ የሚሸት ኮሎኝ ጠብ አድርጎበት ፊት ላይ ያለብሳል። እኔ ሁልጊዜ ይቅርብኝ ነው የምለው። በዚህ ሙቀት ፊቱን በእንፋሎት የሚያስሸፍን ሰው አይገባኝም። ያን ቀን ግን የእህቴ የእታለም ሙት ዓመት እየቀረበ ስለሆነ ይሁን፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበረ ይሁን እንጃ፣ ዝም አልኩት። ፎጣው ፊቴ ላይ እንዳረፈ አይሮፕላን ውስጥ ነበርኩ። ያ ሰፊ ወንበር፣ ያ በመቆንጠጫ ተይዞ የሚቀርብ ነጭ ፎጣ፣ ያ የሎሚ ሽታ። ሽማግሌው ፎጣውን ሲያነሳው ዓይኔ እርጥብ ነበር። በእንፋሎቱ ነው ብሎ ሳያልፈው አልቀረም። አልጠየቀኝም፤ እኔም ሒሳቡን ሰጥቼው ወጣሁ።

ይህን ነገር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ድሬዳዋ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ሱቅ ውስጥ የጨርቅ ዓይነትና የሜትር ልክ ነው። ስለዚህ የቱን ማስቀደም እንዳለብኝ በደንብ አላውቅም። ከእህቴ ልጀምር።

እታለም የምላት እኔ ብቻ ነኝ እንጂ ስሟ ሰናይት ነው። ታላቄ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ እህትም እናትም የሆነችልኝ እሷ ናት። ጅቡቲ ቀድማኝ የመጣችው በድሮው ባቡር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ እንደመጣች ስታወራ እየሳቀች ነበር። ኤሮን ሰፈር፣ ከባሕሩ አጠገብ ካሉት ነጫጭ ቤቶች በአንዱ ባሏ የሞተባት ፈረንሳዊት አሮጊት ዘንድ ተቀጠረች። እዚያው እያደረች ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ አሮጊቷን ትደግፋለች። "ማዳም" ነበር የምትላት፤ እኛም ማዳም አልናት። እኔ ትምህርት ስጨርስ አስመጣችኝና ሐረር የተወለዱ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ አስገባችኝ። ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። እስከ ዛሬም እሳቸው ጋ ነኝ።

አርብ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ከሐጂ ሱቅ ማዶ፣ ጫት ሻጮቹ በረድፍ ከሚቀመጡበት ጥግ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ሚኒባስ ያኔ አርባ ፍራንክ ነበር፤ ረዳቱ ሳንቲሞቹን መዳፉ ውስጥ እያንቀጫቀጨ "ባልባላ! ባልባላ!" ይላል፤ እሷ ከዚያ ሁሉ ግፊያ መሐል ሽቲ የሚባለው ስስ ቀሚሷ ሳይጨማደድ ትወርዳለች። እንዴት እንደምትችልበት እንጃ። ሽቶዋ የማዳም ነው፤ ጠርሙሱ ሥር ትንሽ ሲቀር ይሰጣታል። ከጥጉ ፊት ለፊት ካሴት የሚሸጥ ልጅ ነበረ፣ አንድ በዑድ የተዘፈነ የሶማሌ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ የሚያስደምጥ። እኔም እሷም ቃሉን አናውቀውም፤ ዜማውን ግን ይዘን እናንጎራጉር ነበር። አሁን ያ ቦታ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ዜማው አሁንም አልጠፋብኝም፤ ለሰው ላንጎራጉርለት ስል ግን ይጠፋኛል።

ከምሲን የሚባለው ሙቅ ነፋስ ሲጀምር ማዳም ወደ አገሯ ትሄድ ነበር፤ እታለምንም ይዛት ትሄዳለች። የምትመለሰው ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። ስትመለስ ዚፕ ያላቸው ትንንሽ የጨርቅ ቦርሳዎች ታመጣልናለች፤ ውስጣቸው ካልሲ፣ ማበጠሪያ፣ የጣት ያህል የጥርስ ሳሙና፣ ዓይን መሸፈኛ። ሐጂ መነጽራቸውን የሚያስቀምጡት እስከ ዛሬ በአንደኛው ነው። እነዚህን ነገሮች አይሮፕላን ላይ በነፃ ይሰጡናል ትላለች። ኋላ ለተቀመጠው ሳይሆን ፊት ለተቀመጠው። ከመጋረጃው ፊት ነው የምንቀመጠው፣ ቢዝነስ ክላስ።

የምናወራው እትዬ አስካለ ቤት ነው። እትዬ አስካለ ለወደብ ሠራተኞች ምሳ የምትሸጥ የድሬ ሴት ናት፤ ምላሷ ከሚጥሚጣዋ ይብሳል።

"ወንበሩ አልጋ ይሆናል" አለች እታለም አንድ አርብ።

"አይሮፕላን ላይ?"

"አይሮፕላን ላይ።"

"ታዲያ አንሶላም ያነጥፉልሻላ።"

"ያነጥፋሉ።"

"እሺ ልጄ" አለች እትዬ አስካለ ድስቷን እያማሰለች፣ "ጠዋት ደግሞ ባልሽን ይቀሰቅሱልሻል።"

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ እታለምም ሳቀች። እኔ ግን ሳቄ ከንፈሬ ላይ ነበር። እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። የሱቅ ሥራም ይሆናል ያስተማረኝ። ሐር ነው ብሎ ጨርቅ የሚያመጣልኝን ሰው ክር መዝዤ በክብሪት ሳላቃጥል አላምነውም፤ ሐር ከሆነ እንደ ፀጉር ይሸታል፣ ናይሎን ከሆነ ይቀልጣል። ሠራተኛን ከማዳሟ እኩል ፊት ማስቀመጥ አልጥምህ አለኝ። በምላሹ የሚፈልጉት ነገር መኖር አለበት። ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳት። እሷም ምንም ሳይመስላት የማዳም እግር በበረራ ላይ እንደሚያብጥ፣ ማሸት እንዳለባት፣ ሽንት ቤትም የሚያደርሳት ሰው እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ። "ኋላ ብቀመጥ መጋረጃ እየገለጥኩ ልመላለስ ነው?" አለችኝ። ግማሹን አመንኩ። ግማሹን ለጊዜው አቆየሁት።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ሄዱ፤ የሚመለሱበት ጊዜ አለፈ፣ አልተመለሱም። ነፋሱ ቆመ፣ ሰው ጣሪያ ላይ መተኛቱን ተወ፣ እታለም የለችም። አንድ ቀን ጨርቅ እየለካሁ የሐጂ ስልክ ጠራ። ማዳም ናት። ከእታለም የለቀመቻቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት አሏት፤ እኔም የሱቅ ፈረንሳይኛ አለኝ። እህትህ ታማለች፣ ና፣ ቲኬት እልካለሁ አለችኝ። ምን አመማት ብላት፣ ና። አገናኚኝ ብላት፣ ተኝታለች። በማግስቱ ደወልኩ፤ ተኝታለች። ከዚያም ደወልኩ፤ አሁንም ተኝታለች። እንዲህ የምትተኛ ሰው አይደለችም እህቴ። ከዶሮ ቀድማ ነው የምትነሳ።

ቪዛው ቶሎ ወጣ። እዚህ አገር ለቪዛ ሰው ፀጉሩ እስኪሸብት ሲመላለስ አይቻለሁ፤ የእኔ ግን ከሐኪም ቤት የተላከ ወረቀት ነበረና ወዲያው ወጣ። ቶሎ መውጣቱ ራሱ አጠራጠረኝ። ከዚያ ድሮ ምኒልክ አደባባይ ይባል ከነበረው ቦታ አጠገብ ካለው ቢሮ ቲኬቱን ልወስድ ሄድኩ። ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ ስሜን ኮምፒዩተሯ ላይ ጻፈች፣ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን አየች። "ዳዊት አንተ ነህ?" አለችኝ በሶማሌኛ። እኔ ነኝ አልኳት። ከወንበሯ ተነሥታ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣችልኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቲኬቱ ላይ ሳነብ ነው። ቢዝነስ ክላስ ይላል። መሄጃም መመለሻም።

እንግዲህ እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። ሩቅ ያለን ሰው "ትንሽ አሟታል፣ ና" ብለን ነው የምንጠራው። ሲመጣ አቅፈን፣ አብልተን፣ ጎረቤት ሰብስበን ነው የምናረዳው። የድሬ ልጅ ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም። ማዳምም ከእታለም ጋር ያን ያህል ዘመን ኖራለች፤ ይህን መማር አያቅታትም። ሞታለች ብዬ ደመደምኩ። ይህ ፊት የሚሉት ወንበር መርዶውን ማለስለሻ ነው። ለሱቅ ልጅ ይህን ያህል ዋጋ የሚከፍል የለም፣ ደግሶ የሚያስለቅሰው ካልሆነ በቀር።

በዚህ ላይ የሰዉ ደግነት ባሰበት። ሐጂ ለዒድ ብቻ የሚለብሱትን ኮታቸውን አውጥተው ለኩብኝ፤ እጅጌው አጠረኝ፤ ግድ የለም አሉኝ። የፊት ለፊቱ ሱቅ ሰውዬ፣ ሰላምታ የማያውቀው፣ ሰላም አለኝ። ባልባላ፣ ዋራበሌ ሰፈር ቤት የተከራየሁባቸውን ሰዎች ስሰናበት ሴትየዋ የወሩን ኪራይ ስትመለስ አለችኝ። ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። ሁሉም የሰማውን እኔ ብቻ ያልሰማሁ መሰለኝ። በመጨረሻ እትዬ አስካለን ጓዳ ገብቼ ያዝኳት።

"በእናትሽ፣ ሞታለች አይደል?"

"ለእኔ ማን ይነግረኛል?" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔ የምፈራልህ ለሌላ ነው። ለኩላሊትህ።"

"ለምኔ?"

"እህትህ ታማለች። አንተ ወንድሟ ነህ፣ ደምህ አንድ ነው። ሁለት ኩላሊት አለህ። በግ እንኳ ሊታረድ ሲል ጥሩ ጥሩ ነው የሚቀርብለት።"

ሐጂ ከበር ሰምተው ኖሮ፣ "ይቺ ሴት ምላሷን ማን ይጠግንልን?" አሉ። ለእህቱ ከሆነ ሁለቱንም ቢሰጥ ምን አለበት፣ ሂድ ልጄ፣ አላህ ከአንተ ጋር ይሁን አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ስለ ኩላሊቱ ስሰማ ቀለል አለኝ። ኩላሊት የሚፈልጉ ከሆነ በሕይወት አለች ማለት ነዋ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለት ጥርጣሬ ተሸክሜ ነው የሄድኩት፣ አንዱ አንዱን እየገፋ።

አምቡሊ አይሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ረጅሙ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ልጅ ያዘለች፣ ካርቶን በገመድ ያሰረ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መጥቶ ቲኬቴን አየና ክንዴን ይዞ ከሰልፉ አወጣኝ። ተያዝኩ አልኩ። ሰዉም እንደዚያ መስሎት ከንፈሩን መጠጠልኝ። ሰውየው ግን ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ማንም ያልተሰለፈበት ቦታ ወስዶ አቆመኝ። ከዚያ ሌላ ክፍል ወሰዱኝ፤ ለስላሳ ሶፋ፣ ዳቦ፣ ቴምር፣ መጠጥ በየዓይነቱ፣ ጠባቂ የለው። ሒሳብ የሚቀበል ሰው ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ምንም አልነካሁም።

አይሮፕላኑ ውስጥ ስገባ እታለም ያለችው ሁሉ እንዳለ ነበረ። ወንበሩ ሰፊ ነው፤ ክንዱ ላይ ቁልፎች ተደርድረዋል። ሆስተሷ ያን ሙቅ ፎጣ በመቆንጠጫ ሰጠችኝ። ምን እንደማደርገው ስላላወቅኩ አጠገቤ ያለውን ሰው አየሁ፤ ፊቱን ጠረገ፣ ጠረግኩ። ሰውየው የጅቡቲ ትልቅ ነጋዴ ይመስለኛል። ጫማውን አውልቆ ገና አይሮፕላኑ ሳይነሳ ተኛ። ሰው እንዲህ ሳይጠረጥር እንዴት ይተኛል እያልኩ አየዋለሁ። ሆስተሷ ሻንጣዬን ከጭኔ ላይ ወስዳ ከላይ አስቀመጠችው፤ ዞር ስትል ተነሥቼ መልሼ አወረድኩት።

ምግቡ ሲመጣ የሆነውን አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አልሳቅኩም። ሳህኑን ይዛ ጎንበስ አለችልኝ። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ አልኩ። እንደ አስተዳደጌ ነው። መጀመሪያ እንቢ ይባላል፣ ከዚያ ባለቤቱ በሞቴ ይላል፣ እንደገና እንቢ ይባላል፣ ከዚያ አፈር ስሆን ይባላል፣ ከዚያ ይበላል። ሆስተሷ እሺ ብላ ፈገግ አለችና ሄደች። ትመለሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተመለሰችም። የምግቡ ሽታ ብቻ በአጠገቤ አለፈ። በኋላ ጣፋጭ ይዛ መጣች፤ ያን ጊዜም አፌ ከእኔ ቀድሞ እንቢ አለ። ሄደች። እዚህ ቤት በሞቴ የሚል የለም። ደግሞም ቢቀር ይሻላል አልኩ ለራሴ፤ የበላ ሰው አይጠይቅም፤ እኔ ደግሞ የምጠይቀው አለኝ። መጋረጃው ሲወዛወዝ ከኋላ ያሉት ሰዎች ይታዩኛል፣ ጉልበታቸው ከፊታቸው ወንበር ጋር ተጣብቆ፣ ሕፃን እየተቀባበሉ፣ እየሳቁ። እዚያ ብሆን ኖሮ ከአንዷ ጋር አውርቼ ቢያንስ ዳቦ ተካፍዬ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ቀጥ ብዬ ሻንጣዬን አቅፌ ደረስኩ።

ፓሪስ ነው የወረድነው። በሩ ተከፍቶ ወደ አዳራሹ ስወጣ ማዳምን ከሩቅ አየኋት። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣለች፤ አንድ የአይሮፕላን ማረፊያው ሠራተኛ ከኋላዋ ቆሟል። ያየሁት ግን ማዳምን አይደለም፣ የለበሰችውን ነው። የእታለም ነጠላ። ጥለቱን እኔ ራሴ መርጬ ከድሬ ያስመጣሁላት፣ አረንጓዴው ከወርቅማው ጋር የሚጠላለፍ፤ በሺህ ነጠላ መሐል ቢጥሉልኝ እለየዋለሁ። ማዳም ዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷ ላይ ነው፣ እንደ ለቀስተኛ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ሻንጣዬን ለቀቅኩ። እህቴን፣ እህቴን ብዬ ጮኽኩ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ደረቴን መታሁ። አብሮኝ የወረደው ነጋዴ ክንዴን ይዞ ሊያነሳኝ ሞከረ፤ ፖሊሶች መጡ፤ ማዳም ከወንበሯ ልትነሳ እየሞከረች "ኖ! ኖ!" ትላለች። ስልኳን አውጥታ ደወለችና ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

"ዳዊት" አለ ስልኩ። ቀጭን ነው፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፣ ግን የእሷ ነው። "ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው?"

"አለሽ?"

"አለሁ። ተው እንጂ፣ ማዳምን አስደነገጥካት። ልቧ ደካማ ነው።"

"ነጠላውን ዘቅዝቃ ለብሳ መጥታ..."

ስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ረዘመ። "እንዲያውቅሽ ልበሺው አልኳት እንጂ" አለች ሲለቃት፣ "እንዴት እንደሚለበስ መንገሩን ረሳሁት።"

ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ስደርስ ፊቷ ጠቁሮ፣ ጉንጯ ገብቶ፣ ሆዷ ብቻ አብጦ አገኘኋት። ጉበቷ ነው አሉኝ። የደከመ ድምፅዋን ሰምቼ እዚያው እንዳልደነግጥ፣ ተኝታለች በሉት ያለቻቸው እሷ ራሷ ነበረች። የማለቅሰውን ጨርሼ ስለመጣሁ ይሁን እንጃ፣ እንባ አልመጣልኝም። እሷ ግን የአየር ማረፊያውን ለቅሶ አልለቅህ አለችኝ። ምን ምን ብለህ አለቀስክ፣ ንገረኝ አለችኝ።

"እህቴን፣ እህቴን አልኩ።"

"በቃ?"

"በቃ።"

"ሙያዬን አላነሳህም? ወጥ አሠራሬን እንኳ?" አለችኝ። "ለሚቀጥለው አስብበት።"

ያን ጊዜ ነው የጠየቅኳት። ለምን ፊት አስቀመጡኝ፣ ከእኔ የሚፈልጉት ምንድን ነው አልኳት። እትዬ አስካለ ስለ ኩላሊቴ ያለችውንም ነገርኳት። ሆዷን በእጇ ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ደክሟት ዓይኗን ጨፍና ነገረችኝ። ከእንግዲህ የሚደረግላት ሕክምና የለም። ወደ ጅቡቲ መመለስ ትፈልጋለች። ሐኪሙ ተቀምጣ እንደዚያ ያለ መንገድ አትችልም፣ ተኝታ ከሆነ እሺ ብሏል። አልጋ የሚሆነው ደግሞ የፊቱ ወንበር ብቻ ነው፤ አጠገቧም የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ማዳም ከእንግዲህ አይሮፕላን አትወጣም። "ሌላ ማን አለኝ?" አለች።

"ስመለስስ እሺ። ስመጣ ለምን ፊት?"

"እንድትለምደው ነዋ። እግር የሚያነሳው የቱ ቁልፍ ነው?"

"አላውቅም።"

"አልጋ የሚያደርገውስ?"

"አልነካሁትም።"

ዓይኗን ገለጠች። "ያን ሁሉ ሰዓት ምን ስትሠራ ነበር?"

"ሻንጣዬን ስጠብቅ።"

ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። "እሺ ወንድምዬ" አለች፣ "እኔው አስተምርሃለሁ።"

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኝ ነበር፤ ለመናገር ቀን ፈጀብኝ። ማዳም ውጪ መተላለፊያው ላይ ተቀምጣ ታሸልባለች። በመስታወቱ እያየኋት፣ "እዚህ እንዳትሞቺባት ነው የምትልክሽ" አልኳት እታለምን። እሷም በመስታወቱ ማዳምን አየቻት። የተቆጣች መሰለኝ።

"ሊሆን ይችላል" አለች በመጨረሻ። "እኔ ደግሞ መሄድ እፈልጋለሁ። ሁለታችንም የፈለግነው አንድ ከሆነ አንተ ምን ቸገረህ?"

ያ ጥያቄዬ እስከ ዛሬ እንዲሁ እንደተንጠለጠለ ነው። ማዳም አንዳንዴ ትደውላለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔም አብሬያት አዝናለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ያች ጥያቄ ትመጣለች። ክር መዝዤ የማቃጥለው ነገር ቢሆን ኖሮ አቃጥዬ በተገላገልኩ።

ስንመለስ አየር ማረፊያው ላይ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር ጎን ለጎን ቆመ። አንዱ የእታለም፣ አንዱ የማዳም። እታለም ክኒኗን ጠዋት ጠዋት እንዳትረሳ፣ ወጥ ቤት ያለውን መስኮት ማታ እንድትዘጋ በፈረንሳይኛ አዘዘቻት። ማዳም እንደ ተማሪ ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ገፍተው ወሰዱን።

አይሮፕላኑ ላይ እታለም የቤቱ እመቤት ሆነች። ሆስተሷን በስሟ ጠራቻት። ይሄን ቁልፍ ጫን፣ አይደለም ያኛውን፣ ቀስ አለችኝ። ወንበሩ እየተዘረጋ ሄዶ አልጋ ሆነ። ሆስተሷ አንሶላ አነጠፈች፤ የእውነት አንሶላ። እታለም ጋደም ብላ ጣሪያውን እያየች ቆየችና፣ "ተኝቼበት አላውቅም እኮ" አለች። ያን ሁሉ ዓመት ማዳም ስትተኛ እሷ ቁጭ ብላ እግር ስታሽ፣ ብርድ ልብስ ስታስተካክል ነበር የምትደርሰው። አልጋ እንደሚሆን የምታውቀው የማዳምን እያየች ነው። እግሯ ማበጥ ጀምሮ ነበር፤ ጭኔ ላይ አድርጌ አሸሁላት። እንደዚያ አይደለም፣ ከታች ወደ ላይ ነው አለችኝ። ከዚያ ተኛች። እኔ አሁንም አልተኛሁም። ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ነበር የምጠብቀው። ትንሽ የዘገየ በመሰለኝ ቁጥር እጄን አፍንጫዋ ጋ አደርጋለሁ።

እታለም ከዚያ በኋላ እትዬ አስካለ ቤት ነበረች፣ ብዙም አልቆየችም። እትዬ አስካለ ምላሷን ሰብስባ እንደ ሕፃን አጠበቻት፣ አጎረሰቻት። ሐጂ በየቀኑ በር ላይ ቆመው ይጠይቃሉ። ለቅሶዋ ላይ ወጥ አሠራሯን አነሳሁ፣ እንዳዘዘችኝ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ይህን እዚህ ላይ ማለቴ ከዚህ በኋላ ስለ ሞቷ መጻፍ ስለማልፈልግ ነው። መጻፍ የምፈልገው ስለ መግቢያችን ነው።

ጅቡቲ ልንደርስ ስንል አይሮፕላኑ ዝቅ ማለት ጀመረ። ቀን ነበር። ሆስተሷ መጥታ ወንበሩ መነሣት አለበት አለችኝ። አትችልም፣ ታማለች፣ ተኝታ ትሄዳለች ተብሎ ነው የመጣነው አልኳት። አዝናለሁ፣ ለማረፍ ሁሉም ወንበር ቀጥ ይላል፣ ደንብ ነው አለችኝ። ይኸው አልኩ በልቤ፤ ይኸውልህ ያታለሉን ነገር። አለቃዋን ጠራች፤ አለቃዋም ያንኑ አለ። ድምፄ ከፍ ማለት ጀመረ፤ ሰዎች ዞረው ያዩናል። እታለም ነቃች።

"ምን ይላሉ?"

"ወንበሩ ይነሣ ይላሉ።"

"አንሣዋ።"

"ያምሻል።"

"ያመኛል" አለች። "አንሣው። ከተማዬ ተኝቼ አልገባም።"

ከተማዬ ያለችው ጅቡቲን ነው። ሙቀቷን፣ ጨዋማ ውሃዋን፣ አቧራዋን ስታማ የኖረች ሴት። ቁልፉን ጫንኩ፣ ቀስ አድርጌ፣ እንዳስተማረችኝ። ጀርባዋ እየተነሣ ሲመጣ የእጄን አንጓ ያዘች፤ ጥፍሯ ገባ። ከንፈሯን ነክሳለች። በግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ቀጥ ስትል አንዴ ረጅም ትንፋሽ አወጣችና ነጠላዬን አስተካክልልኝ አለችኝ፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ አስተካከልኩላት። ከዚያ በመስኮቱ አየች። የወደቡ ክሬኖች፣ በዳር በዳሩ ነጣ ያለው ባሕር፣ ከወዲያ የባልባላ የቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ተበተነ ሳንቲም ሲያብረቀርቅ።

"ዋራበሌ የቱ ጋ ነው? ያንተ ቤት?"

በጣቴ አሳየኋት። ትክክል ያሳየኋት አይመስለኝም፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም ጣሪያ አንድ ነው። ቢሆንም አየሁት አለች።

ጎማው መሬት ሲነካ ተንገጫገጭን፤ እሷ ዓይኗን አልጨፈነችም። ከመጋረጃው ኋላ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እንደ ልማዱ፣ ለአብራሪው። እልልም ያለች ሴት ነበረች። እታለም ጭብጨባውን ሰምታ አንገቷን ቀና አደረገች፣ ወደ ኋላ ዞር ብላም ሁለት ጊዜ ራሷን በመነቅነቅ ተቀበለቻቸው።